የወንዙ ሰዎች፦ ከናይል ወደ ኸሽም ኤል ቂርባ የተጓዘው ምስጢር

አንድ ሕዝብ ለዘመናት የኖረበትን ወንዝ ትቶ እንዲሄድ ሲገደድ፣ በዚያ ወንዝ ውስጥ ይኖራሉ ብሎ የሚያምንባቸው ፍጡራን ምን ይሆናሉ? ተከትለውት ይሄዳሉ? ወይስ ከሰመጠው መንደር ጋር ይቀራሉ?

ጥያቄው በአሥራዎቹ ዕድሜ ለሚገኙ አንባቢዎች ከተጻፈ የምስጢርና የጀብዱ ልቦለድ የተወሰደ ይመስላል። የሚነሣው ግን ከእውነተኛ ታሪክ ነው። እአአ በ1964 ዓ.ም. 50 ሺህ ያህል የሱዳን ኑብያውያን የናይልን ዳርቻ ለቅቀው፣ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በምሥራቅ ሱዳን በሚገኘው ኸሽም ኤል ቂርባ አካባቢ እንዲሰፍሩ ተደርገዋል። ቤታቸው፣ የተምር ዛፎቻቸውና የአባቶቻቸው መቃብር በግብፅ ከተሠራው የአስዋን ታላቁ ግድብ ኋላ በተኛው ውሃ ተውጠዋል። ከዚህ ስደት የተወለደው ሥነ ጽሑፍ ዛሬም ወጣቶችን ከሚያስደምሙ የአካባቢው ትረካዎች አንዱ ነው።

ኸሽም ኤል ቂርባ ከገዳሪፍ ወደ ከሰላ በሚወስደው መንገድ፣ በአትባራ ወንዝ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟ በዓረብኛ «የውሃ ስልቻ አፍ» እንደ ማለት ነው። ለኢትዮጵያና ለኤርትራ ሰዎች አካባቢው እንግዳ አይደለም፤ ከጦርነትና ከረሃብ የሸሹ ብዙዎች በዙሪያው ባሉ መጠለያ ጣቢያዎች ዓመታት አሳልፈዋል። ከተማዋን አጥቦ የሚያልፈው ውሃም ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው። ጓንግና አንገረብ ከጎንደር አካባቢ፣ ተከዜ ደግሞ ሱዳን ሲገባ ሰቲት ተብሎ፣ ከግድቡ በላይ ተገናኝተው አትባራ ይሆናሉ።

ከውሃው በታች ያለው ከተማ

የኑብያውያን ቋንቋ በሆነው ኖቢን «አማን» ውሃ ማለት ነው፤ ወንዙም በዚሁ ቃል ይጠራል። በወንዙ ውስጥ የሚኖሩትን ፍጡራን «አማን ኑቶ» ይሏቸዋል፤ የውሃ ሰዎች እንደ ማለት። በትረካው መሠረት እነዚህ ከወንዙ ሥር መንደርና ቤተ መንግሥት አላቸው፤ ያገባሉ፣ ይወልዳሉ፣ ይደግሳሉ፤ አንዳንዴም የሰው መልክ ይዘው ወደ ዳር ይወጣሉ። ባብዛኛው ለሰው በጎ ናቸው። «አማን ዶግር» የሚባሉት ሌሎቹ ግን ይፈራሉ። ልጅ ብቻውን ውሃ ዳር እንዳይሄድ፣ ማታ ወደ ወንዙ እንዳይወርድ የሚከለከለው በእነርሱ ስም ነው።

ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የራቀ አይሆንም። «በቀትር ወንዝ አትውረድ» እየተባለ ያላደገ የገጠር ልጅ ጥቂት ነው። የቀትር ጋኔን፣ የውሃ ጋኔን፣ የወንዝ ቆሌ የሚባሉት ሁሉ የዚሁ ዓለም ዘመዶች ናቸው። የኑብያው ልዩነት ግንኙነቱ ከፍርሃት አልፎ ጉርብትና መሆኑ ላይ ነው። ሴት ስትወልድ ከአራስ ገንፎ ላይ ለወንዙ ሰዎች ድርሻቸው ወደ ውሃው ይጣልላቸው ነበር። ሙሽሮች ወንዝ ወርደው ይታጠቡ ነበር። የእስልምናው ጸሎትና የወንዙ ሥርዓት ጎን ለጎን ይሄዱ እንደነበር፣ አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ጆን ኬኔዲ እአአ በ1978 ባሳተመው የኑብያ ሥርዓተ በዓላትን የሚመለከት መጽሐፍ በሰፊው አሳይቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ጎረቤት ስጦታ ይጠብቃል። ስጦታው በድንገት ሲቋረጥስ? በየትኛውም አገር የሚነገር የመናፍስት ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ዓይነት ከተቋረጠ ቃል ኪዳን ነው።

ስም ያጡ መንደሮች

በኅዳር 1959 እአአ ግብፅና ሱዳን የናይልን ውሃ በሁለቱ መካከል የሚከፋፍል ስምምነት ፈረሙ፤ ለግብፅ 55.5 ቢሊዮን፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በዓመት። የውሃው ዋና ምንጭ የሆነችው ኢትዮጵያ በድርድሩ አልተጠራችም። ውሃቸውን ሳይሆን መሬታቸውን የሚያጡት የሐልፋ ሰዎችም እንዲሁ። ለሚሰምጠው የሱዳን ምድር 15 ሚሊዮን የግብፅ ፓውንድ ካሣ ተቆረጠ። በጥቅምት 1960 የጄኔራል ኢብራሂም አቡድ መንግሥት ሠፈራው በኸሽም ኤል ቂርባ እንዲሆን መወሰኑ ሲታወቅ በዋዲ ሐልፋ የተቃውሞ ሰልፍ ወጣ፤ ተቃውሞው እስከ ካርቱም ዘለቀ። ውሳኔው ግን አልተለወጠም።

ባቡሮቹ በ1964 መጀመሪያ መንቀሳቀስ ጀመሩ። የዋዲ ሐልፋ አውራጃ አስተዳዳሪ የነበረውና ስደቱን የመራው ሐሰን ደፈአላህ ከጊዜ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ፣ ሰዎች ከመሳፈራቸው በፊት ሙታኖቻቸውን ሊሰናበቱ ወደ መካነ መቃብር እንደሄዱ ያስታውሳል። የመንግሥት ሹም የጻፈው ቢሆንም መጽሐፉን ያለ ኀዘን ማንበብ አይቻልም።

ከመጀመሪያዎቹ ተጓዦች መካከል የፋረስ መንደር ሰዎች ይገኙበታል። በዚያው ሰሞን በፋረስ በካዚሚዬዥ ሚካሎቭስኪ የሚመራ የፖላንድ የአርኪዮሎጂ ቡድን አሸዋ ሥር የተቀበረ ካቴድራል አግኝቶ ከውሃው ጋር እየተሽቀዳደመ ነበር። በአሸዋው ምክንያት ሳይጠፉ የቆዩ፣ ከስምንተኛው እስከ አሥራ አራተኛው መቶ ዓመት የተሣሉ ከ120 በላይ የግድግዳ ሥዕሎች ተገኙ። ከሥዕሎቹ አንዷ ቅድስት ሐና ናት፤ ጣቷን በከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም በሉ የምትል ትመስላለች። ዛሬ በዋርሶ ብሔራዊ ሙዚየም ትገኛለች። የምስጢር ልቦለድ ጸሐፊ ቢፈጥራት ኖሮ አጋነነ ይባል ነበር። በአንድ ወቅት፣ በአንድ መንደር፣ ሕያዋኑ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ቅዱሳኑ ወደ አውሮፓና ወደ ካርቱም ተጫኑ። የወንዙን ሰዎች የሚጭን ባቡር ግን አልነበረም።

የጠበቃቸው አዲስ ሐልፋ ነበር። በሐልፋ የቤት ፊት በሥዕል ይዋብ፣ ግድግዳው ላይ የሸክላና የሸቀጥ ሳህኖች ይለጠፉበት ነበር። እዚህ በመስመር የተደረደሩ የኮንክሪት ቤቶች ተሰጧቸው። መንደሮቹ በቁጥር ይጠሩ ጀመር። ገበሬው 15 ፌዳን መሬት ተቆጥሮ ተሰጠው፤ ጥጥ፣ ስንዴና ለውዝ እንዲዘራበት። ዝናብ የሚባል ነገር እምብዛም በማያውቁት ሰዎች ላይ የቡጣና ሜዳ ነጎድጓድ ወረደባቸው። የመስኖው ቦይ ወባና ቢልሃርዚያን ይዞ መጣ። መሬቱም ባዶ አልነበረም፤ የሹክሪያ አርብቶ አደሮች ለትውልዶች ግመልና ከብት ያሰማሩበት ነበር፤ የግጦሽ ግጭቱ ዓመታት ፈጅቷል። ጥቂት ኑብያውያን ግን አሻፈረኝ ብለው፣ ውሃው በጨመረ ቁጥር ወደ ኋላ እያፈገፈጉ ከሐይቁ ዳር ቀሩ። የዛሬዋን ዋዲ ሐልፋ የመሠረቱት እነርሱ ናቸው።

የሚሞትና የሚነሣ ወንዝ

ናይል ዓመቱን ሙሉ ይፈሳል። አትባራ ግን ከግድቡ በፊት በበጋ ይሞት ነበር፤ አሸዋው ላይ የተበታተኑ ኩሬዎች ብቻ ይቀራሉ፤ አዞው፣ ጉማሬውና ዓሣው በእነርሱ ውስጥ ተጨናንቆ ክረምቱን ይጠብቃል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር ኋላ ባለቤቱ ከሆነችው ከፍሎረንስ ጋር በሰኔ 1861 እአአ በዚህ ደረቅ ወንዝ ላይ ሰፍሮ ነበር። አንድ ሌሊት ከሩቅ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ደመና የለም። የአካባቢው ሰዎች ግን ምን እንደመጣ ወዲያው ዐወቁ፤ እየጮኹ አሸዋው ላይ የተኙትን ቀሰቀሱ። የኢትዮጵያ ደጋ ዝናብ ነበር በሌሊት የደረሰው። ሲነጋ በደረቁ አሸዋ ምትክ ሰፊ ወንዝ ይጎርፍ ነበር።

ቤከር ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እአአ በ1868፣ ለልጆች የጀብዱ ልቦለድ ጽፏል። የዘመኑ የእንግሊዝ ጀብዱ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን ይገነዘባል። በዚያ ዓይነቱ ትረካ ጀግናው ከውጭ ይመጣል፣ አውሬ ያድናል፣ ምስጢሩን ፈትቶ ወደ አገሩ ይመለሳል። በኑብያ ትረካ ግን የሚመለስበት አገር የለም። ጀግናው ወይም ጀግናዪቱ የመንደሩ ልጅ ነች፤ የሚፈተነውም ጉብዝናዋ ሳይሆን ለማን ታማኝ እንደሆነች ነው፤ ለቤተሰቧ፣ ወይስ ከውሃው ውስጥ ለሚጠራት ድምፅ። በእኔ አስተያየት ለወጣት አንባቢ ይህ ይከብዳል፤ ስለሚከብድም ይበልጥ ይይዘዋል።

ከአያት አፍ ወደ መጽሐፍ

ይህን ዓለም ወደ ዘመናዊ ልቦለድ ያመጡት ከድንበሩ ማዶ ያሉት የግብፅ ኑብያውያን ናቸው። መሐመድ ኸሊል ቃሲም እአአ በ1968 ያሳተመው «ሻማንዱራ» የመጀመሪያው የኑብያ ልቦለድ ይባላል። ተራኪው ታዳጊ ልጅ ነው። ዘመኑም ቀደም ይላል፤ አሮጌው የአስዋን ግድብ ከፍ ተደርጎ ውሃው መንደሮችን የዋጠበት 1933 አካባቢ። ርዕሱ በወንዙ ላይ የምትንሳፈፍ፣ በሰንሰለት የታሰረች የመርከብ ምልክት ማለት ነው። በልጅ ዓይን መተረኩ በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም፤ አዋቂዎች ስለ ካሣና ስለ ልኬት ሲከራከሩ ልጁ የሚያየው ውሃው አንድ ክንድ መጨመሩን ነው።

የወንዙን ሰዎች ራሳቸውን ገጸ ባሕርይ ያደረጋቸው ግን ሐጃጅ ሐሰን ኡዱል ነው። እአአ በ1944 በእስክንድርያ የተወለደው ኡዱል በወጣትነቱ በአስዋን ታላቁ ግድብ ግንባታ ላይ ሠርቷል፤ የወላጆቹን አገር ያሰጠመውን ግንብ በገዛ እጁ ከገነቡት አንዱ ነው ማለት ነው። መጻፍ የጀመረው 40 ዓመት ገደማ ሲሞላው ሲሆን፣ የአጫጭር ልቦለዶች መድበሉ እአአ በ1990 የግብፅን የመንግሥት ሽልማት አገኘ፤ በ2005 ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። በአንዱ ታሪኩ ውስጥ አሻ የምትባል ቆንጆ ልጅ ለሥራ ወደ ሰሜን የሄደ ወዳጇን ትጠብቃለች። ግድቡ የወንዙን ጠባይ ቀይሯል፤ ወንዶቹ በከተማ ቀርተዋል፤ ልጅቷም ልቧ ቀስ በቀስ ወደ ውሃው ይሳባል። አንባቢው እስከ መጨረሻው የሚጠይቀው፦ ወንዙ ወሰዳት፣ ወይስ ሐዘን? ጸሐፊው አይመልስም። የምስጢሩ ጉልበትም እዚያ ላይ ነው።

የመናፍስት ታሪክ ለወጣት የሚጠቅመው በዚህ መንገድ ይመስለኛል። የስምምነት አንቀጽና የሜትር ኩብ ቁጥር ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ብዙም አይናገሩም። «ከሐይቁ ሥር መብራት የሚበራበት መንደር አለ፤ አያትህ የተወለደው እዚያ ነው» ሲባል ግን ካርታ ያወጣል፣ ይጠይቃል፣ ይፈልጋል።

ሁሉም ተረት እኩል አይደለም

ለዚህ አካባቢ የሚጽፍ ሰው አንድ አደጋ አለበት። ከኢትዮጵያ ደጋ እስከ ሱዳን ቆላ፣ ማታ ማታ ጅብ ስለሚሆኑ ሰዎች ይተረካል። በኢትዮጵያ ቡዳ የሚባለው እምነት ነው። የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አውሮፓውያን ተጓዦች፣ ጆሮው ላይ ጉትቻ የተገኘበት ጅብ ታየ የሚለውን ወሬ በደስታ ጽፈውታል። እውነትም ለሌሊት ታሪክ እንዲህ ያለ ምልክት አይገኝም።

ነገር ግን ቡዳ ስም አለው፤ አድራሻም አለው። አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪዋ ናቸው፤ ቤተ እስራኤል ናቸው። በዚህ ክስ የተነሣ ሰዎች ተገልለዋል፣ ተደብድበዋል፣ ተገድለዋል። በ1984 እአአ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን በእግራቸው ተጉዘው በገዳሪፍ አቅራቢያ ወደሚገኘው ኡም ራኩባና ወደ ሌሎች መጠለያዎች ሲደርሱ፣ ማንነታቸውን ደብቀው ነበር። በመንገድና በመጠለያዎቹ አራት ሺህ ያህሉ እንደሞቱ ይገመታል። ከተረፉት አብዛኞቹ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በምስጢር በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በዚያው ምድር ላይ የጅብ ሰው ታሪክ የሚጽፍ ጸሐፊ ይህን ሳያውቅ ቢጽፍ፣ ለወጣቶች የሚያቀብለው ጨዋታ ሳይሆን ክስ ነው። የወንዙ ሰዎች በዚህ ይለያሉ። ማንም የመንደሩ ሰው በእነርሱ ምክንያት አይጠረጠርም።

ዛርም በድንበሩ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚል መንፈስ ነው። በሱዳን የዛር ሥርዓት ከሚጠሩት መናፍስት መካከል «ሐበሺ» የሚባሉ ኢትዮጵያውያን አሉ። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ጃኒስ ቦዲ በሰሜን ሱዳን መንደር ካገኘቻቸው አንዷ «ሉሊያ ሐበሺያ» ናት። ስደተኛ ወረቀት ይጠየቃል፤ ለመናፍስቱ ግን ድንበር ክፍት ይመስላል። ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ውሃው ወዴት ይሄዳል?

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ፤ የወንዙ ሰዎች ምን ሆኑ? በግብፅ በኩል ወደ ኮም ኦምቦ የተወሰዱትን ኑብያውያን ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ አዲሶቹ መንደሮች ከወንዙ ስለራቁ የወንዙ ሥርዓቶች እየደከሙ መሄዳቸውን ጽፈዋል። በአዲስ ሐልፋም ከቤት ደጅ የሚገኘው ውሃ የመስኖ ቦይ ነው፤ በሰዓት ይለቀቃል፣ በሰዓት ይዘጋል፤ የሚያበቃውም በጥጥና በስንዴ ማሳ ውስጥ ነው። ወደ ቦይ የተጣለ ገንፎ የትም አይደርስም።

ካርታውን ለሚያይ ልጅ ግን ሌላ መንገድ አለ። ከኸሽም ኤል ቂርባ ግድብ በሮች የሚወጣው ውሃ በአትባራ ወንዝ ተጉዞ አትባራ ከተማ አጠገብ ናይልን ይቀላቀላል። አትባራ ናይልን የሚቀላቀል የመጨረሻው ገባር ነው። ከዚያ በኋላ ውሃው በሰሜን ሱዳን በረሃ ተጠማዝዞ ወደ ኑብያ ሐይቅ ይገባል፤ ከሰመጡት የሐልፋ መንደሮች በላይ ማለት ነው። ከሰፈሩበት ቦታ የወረደ ውሃ፣ ከተፈናቀሉበት ቦታ ላይ ይተኛል። ወደ ቦዩ ሳይሆን ከግድቡ በታች ወደ ወንዙ የሚጣለው ስጦታ፣ ቢያንስ በካርታ ላይ፣ አድራሻውን ያገኛል።

ውሃው ብቻውን አይሄድም። የኸሽም ኤል ቂርባ ግድብ ሲሠራ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዝ ነበር፤ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ደለል ግማሽ ያህሉን ሞልቶበታል። ስለዚህ በክረምት በሮቹ ተከፍተው ሐይቁ ይታጠባል፤ ጭቃው ወደ ታች ይለቀቃል። ናይል የሚያወርደው ደለል አብዛኛውን የሚዘቅጠው ደግሞ በአስዋን ሐይቅ ደቡባዊ ጫፍ፣ በሱዳን ግዛት ባለው ክፍል ነው።

ኸሽም ኤል ቂርባና አዲስ ሐልፋ ከዚያ ወዲህም ሰው ተቀብለዋል። በኅዳር 2020 እአአ ከትግራይ የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ከሰላና ገዳሪፍ ግዛቶች ሲገቡ፣ ብዙዎቹ መጀመሪያ ያረፉት እርሱም በቁጥር በሚጠራ፣ «መንደር ስምንት» በሚባል ሰፈራ ነበር። በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ በጥቅምት 2024 የጀዚራ ግዛት መንደሮች በተጠቁ ጊዜ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች በእግርና በአህያ ጋሪ ወደ ገዳሪፍና ወደ አዲስ ሐልፋ ተጓዙ። በ60 ዓመት ውስጥ የናይል ዳር ሰዎች ወንዛቸውን ትተው ወደዚህ ሲመጡ ይህ ሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው።